ኢምፕላንት ዙሪያ ለሚደማ ድድ ከጽዳቱ ጋር ፕሮባዮቲክ ብንጨምር ይጠቅማል?

ጠያቂ፦ ሐኪም ከድሬዳዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ አንዲት የ54 ዓመት ታካሚ ላማክራችሁ። ግራ ታችኛው መንጋጋ፣ 36 ቁጥር ጥርስ ቦታ ላይ ኢምፕላንት (በጎደለ ጥርስ ምትክ አጥንት ውስጥ የሚተከል ሰው ሠራሽ ሥር) ከገባላቸው 4 ዓመት ሆኗል። ክራውኑ፣ ማለትም ከላዩ የተቀመጠው ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ በስክሩ የታሰረ ሳይሆን በሲሚንቶ የተለጠፈ ነው። ድዱ ቀልቶ አብጧል፣ ሲቦርሹ ይደማል፣ ሕመም ግን የለም። በኢምፕላንቱ ዙሪያ ያለውን የድድ ኪስ ጥልቀት በስድስቱም ነጥብ ለክቻለሁ፤ በጉንጭ በኩል 3፣ 4፣ 5 ሚሜ፣ በምላስ በኩል 4፣ 4፣ 5 ሚሜ። ከስድስቱ አራቱ ደምተዋል፣ መግል የለም። ክራውኑ የተለጠፈ ቀን የተነሳው ኤክስሬይ ፋይላቸው ውስጥ ስላለ ከአሁኑ ጋር አስተያየሁት፤ አጥንቱ ያው ነው። ያን ጊዜ የተመዘገበው ጥልቀት ዙሪያውን 3 ሚሜ ነበር። ሁለተኛው ዓይነት ስኳር አለባቸው፣ ኤችቢኤዋንሲያቸው (የሦስት ወር ያህል አማካይ የስኳር ልኬት) 7.9 ነው። አያጨሱም።

ልጃቸው ከስዊድን ባዮጋያ ፕሮዴንቲስ የሚባለውን የሚመጠጥ ፕሮባዮቲክ (ሕያው ጠቃሚ ባክቴሪያ የያዘ ክኒን) ልካላቸው፣ «ልጀምረው ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። ጽዳቱን እንደማደርግላቸው ግልጽ ነው። ፕሮባዮቲኩ የሚጨምረው ነገር አለ? ካለ ስንት ቀን፣ በቀን ስንት? ክሎርሄክሲዲን (ጀርም ገዳዩ የአፍ መጉመጥመጫ) አብሮ ይሰጣል? እኛ ጋ ደግሞ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ስለሚወጣ ባክቴሪያው በሕይወት ይቆያል ወይ የሚለውም አሳስቦኛል። «እርጎ ብጠጣስ?» ብለውኛል፤ ለዚህም መልስ ያስፈልገኛል።

መልስ፦ የድድ ስፔሻሊስት

ዶክተር፣ ልኬቱን ከነኤክስሬዩ ስላስቀመጡልን እናመሰግናለን፤ ያለ እሱ ውይይቱ ሁሉ ግምት ይሆን ነበር። በ2018 በወጣው ዓለም አቀፍ ምደባ መሠረት ይህ ፔሪ-ኢምፕላንት ሙኮሳይቲስ ነው። ደም አለ፣ እብጠት አለ፣ አጥንቱ ግን ከመጀመሪያው ማረፊያው አልወረደም። አጥንቱ ወርዶ ቢሆን ፔሪ-ኢምፕላንታይቲስ እንለው ነበር። የቀድሞ ኤክስሬይ ለሌለው ታካሚ ደግሞ ምደባው የሰጠን መስፈርት አለ፦ ደም ወይም መግል፣ 6 ሚሜና ከዚያ በላይ ጥልቀት፣ እንዲሁም 3 ሚሜና ከዚያ በላይ የወረደ አጥንት ሦስቱ ከተገናኙ ፔሪ-ኢምፕላንታይቲስ ነው። ይህን ድንበር ለይቶ መያዝ ለፕሮባዮቲኩ ጥያቄም ወሳኝ ነው፤ የሁለቱ መልስ አንድ አይደለምና።

አሁን ወደ ማስረጃው። በኢምፕላንት ላይ በብዛት የተሞከረው ላክቶባሲለስ ሪዩተሪ የተባለው ባክቴሪያ ነው፤ ከ2020 ወዲህ ስሙ ሊሞሲላክቶባሲለስ ሪዩተሪ ተብሏል። በባዮጋያው ክኒን ውስጥ የእሱ ሁለት ዝርያ አለ፦ ዲኤስኤም 17938 እና ኤቲሲሲ ፒቲኤ 5289። የተገኘው ውጤት ግን ተከፋፍሏል። በ2015 በስፔን በ34 ሰዎች ላይ በቀን አንድ ክኒን ለ30 ቀን ተሰጥቶ የድዱ ምልክቶች ተሻሽለዋል። በ2018 እዚያው ስፔን በ44 ሰዎች ላይ ከጽዳት ጋር ለ30 ቀን ተሰጥቶ ሙኮሳይቲስ ያለባቸው በመድማትም በጥልቀትም ባክቴሪያ ከሌለበት ማስመሰያ ክኒን የተሻለ ውጤት አግኝተዋል። በአንጻሩ የ2016ቱ የስዊድን ጥናት 49 ሰዎችን ወስዶ፣ ከጽዳቱ በኋላ ባክቴሪያው ያለበትን ዘይት ኪሱ ውስጥ ጨምሮ፣ በቀን ሁለት ክኒን ለሦስት ወር ሰጥቶ ልዩነት አላገኘም። ሁለቱም ቡድን ተሽሎታል፤ ያዳነው ጽዳቱ ነበር ማለት ነው። በ2019 ክሎርሄክሲዲንን አስቀድሞ ፕሮባዮቲኩን ያስከተለው ጥናትም የጨመረ ጥቅም አላየም።

እኔ ከዚህ ሁሉ የምወስደው ይህን ነው። ፕሮባዮቲኩ ምናልባት መድማቱን በትንሹ ያግዝ ይሆናል እንጂ የጽዳትን ቦታ አይወስድም፤ ጽዳቱ በደንብ በተሠራባቸው አንዳንድ ጥናቶች የጨመረው ነገር አልታየም። ለተፈጥሮ ጥርስ ድድ በሽታ በ2020 የወጣው የአውሮፓ መመሪያም ፕሮባዮቲክን ከጽዳት ጋር እንዳንጨምር ነው የሚመክረው። ታካሚዋ ክኒኑን ካገኙትና ካላስቸገራቸው ሊወስዱት ይችላሉ። ልጃቸው ባትልክላቸው ኖሮ ግን ግዙ አልላቸውም ነበር፤ በዚያ ገንዘብ የጥርስ መሃል ብሩሽ ቢገዙበት የበለጠ ይጠቅማቸዋል።

ለምን እንዲህ ሆነ ለሚል፦ ሪዩተሪ ግሊሰሮልን ወደ ሪዩተሪን ይለውጣል፤ ሪዩተሪን ሌሎች ባክቴሪያዎችን ያዳክማል። የሰውነትን የእብጠት ምላሽም የሚያበርድ ይመስላል። ነገር ግን ባክቴሪያው አፍ ውስጥ ቤት አይሠራም፤ ክኒኑ ከቆመ በሳምንታት ውስጥ ከምራቅ ይጠፋል። በዚያ ላይ ኢምፕላንቱ ላይ የተለጠፈው የባክቴሪያ ሽፋን የተደራረበና የተጣበቀ ስለሆነ ከላይ የሚመጣ እንግዳ ዘልቆ አይገባውም። መጀመሪያ በእጅ መፍረስ አለበት።

መልስ፦ ክራውን ሠሪ

ሁላችሁም ስለ ባክቴሪያ ስታወሩ እኔን ያስጨነቀኝ «በሲሚንቶ የተለጠፈ» የሚለው ነው። ዶክተር፣ ከክኒኑም ከጽዳቱም በፊት ተርፎ የቀረ ሲሚንቶ ይፈልጉ። በ2009 የታተመ አንድ ጥናት የእብጠት ምልክት ካለባቸው ኢምፕላንቶች 81 በመቶው ጋ ትርፍ ሲሚንቶ አግኝቷል፤ ከተወገደ በኋላ አብዛኞቹ ጋ ምልክቱ ጠፍቷል። ድዱ ሥር ሲሚንቶ ተቀምጦ ሪዩተሪ መስጠት፣ እግር ውስጥ እሾህ ትቶ ቅባት መቀባት ነው።

ኤክስሬይ ላይ አይታይም ብለው አይዘናጉ። ዚንክ ያለበት ሲሚንቶ በደንብ ይነጣል፤ አንዳንዱ የሬዚን ሲሚንቶ ግን ጨርሶ አይታይም። የሚታየውም ቢሆን በጉንጭ ወይም በምላስ በኩል ከተቀመጠ ኢምፕላንቱ ራሱ ይጋርደዋል። ፕሮቡን (የድድ መለኪያውን ቀጭን ዘንግ) በቀስታ ይዘው ከክራውኑ ጠርዝ ሥር ዙሪያውን ይሂዱበት። ለስላሳው ቲታኒየም ላይ እየተንሸራተተ ሄዶ በድንገት ሻካራ ነገር ከነካ እዚያ ጋ ይቁሙ።

ሌላው፣ ክራውኑን በሁለት ጣት ይዘው ያነቃንቁት። የላላ ስክሩ ልክ እንደ ድድ በሽታ ያደማል፤ በክፍተቱ ባክቴሪያ ገብቶ ይወጣልና። ከላላ በክራውኑ ማኘኪያ መሃል በጥንቃቄ ቀድተው ስክሩን ያግኙት፣ ይፍቱት፣ ሁሉንም አውጥተው ያጽዱ። ሲመልሱት በፋብሪካው መመሪያ ላይ በተጻፈው ኃይል ኃይሉን በሚለካው የቶርክ ቁልፍ ያጥብቁ፤ 10 ደቂቃ ጠብቀው በዚያው ኃይል ይድገሙት። ስክሩ መጀመሪያ ሲጠብቅ የስክሩ ክሮች እርስ በርስ ይላመዱና ከውጥረቱ የተወሰነውን ያጣል። ቀዳዳውን በቴፍሎን ጠቅጥቀው ከላይ በኮምፖዚት (በጥርስ መሙያው) ይድፈኑት፤ ከዚያ ወዲያ በሲሚንቶ መለጠፍ አያስፈልግም።

የክራውኑንም ቅርጽ ይዩ። ከድድ ሲወጣ እንደ እንጉዳይ ጃንጥላ ሰፍቶ ከሆነ ብሩሹ ሥሩ አይደርስም። የመውጫው ማዕዘን ከ30 ዲግሪ በላይ ሲሆንና ቅርጹም ወደ ውጭ ሲያብጥ በሽታው እንደሚበዛ ታይቷል። ክራውኑ ከወጣ ላቦራቶሪ ልኮ ማሳነስና ማለስለስ ይቻላል፤ ያኔ ታካሚዋ ራሳቸው ማጽዳት ይችላሉ።

መልስ፦ ፋርማሲስት

ክኒኑን ለመጠቀም ከተወሰነ እንዲህ ቢሰጥ ጥሩ ነው። እያንዳንዱ ክኒን ቢያንስ 200 ሚሊዮን ሕያው ባክቴሪያ ይዟል፤ ከሁለቱ ዝርያ እኩል እኩል። ማታ ጥርስ ከተቦረሸና መሃሉ ከጸዳ በኋላ አንድ ክኒን ምላስ ላይ አስቀምጦ ቀስ ብሎ እስኪሟሟ መምጠጥ ነው። አይታኘክም፣ በውሃ አይዋጥም፤ ከተዋጠ አፍ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ አይኖርም። ከዚያ በኋላ እስከ ጧት ባይበላና ባይጠጣ ይመረጣል፤ ማታ የሚባለውም እንቅልፍ ላይ ምራቅ ስለሚቀንስ ባክቴሪያው አፍ ውስጥ እንዲቆይ ነው። በጥናቶቹ በቀን አንድም ሁለትም ተሰጥቷል፤ ለ30 ቀን አንድ በቂ ነው። ሁለት ከሆነ ሁለተኛው ጧት ከቁርስና ከብሩሽ በኋላ ይሁን፤ ትኩስ ቡና ወዲያው አይከተለው።

በጾም ቀን ችግር የለበትም፣ ማታ ስለሚወሰድ። በረመዳንም ከፍጡር በኋላ፣ ለመኝታ ሲዘጋጁ ይወሰድ፤ ቀን የሚመጠጥ ክኒን ጾም ያፈርሳል።

ክሎርሄክሲዲን ጥሩውንም ክፉውንም ባክቴሪያ አይለይም። ኢምፕላንቱ ዙሪያ 0.12 ወይም 0.2 በመቶ ካዘዙ መጀመሪያ እሱ ይጨረስ፣ ክኒኑ ከዚያ ይጀመር። ሁለቱን በአንድ ማታ መስጠት ክኒኑን መጣል ነው። በነገራችን ላይ ክሎርሄክሲዲንም በጥርስ ሳሙናው አረፋ ስለሚከሽፍ ከብሩሽ 30 ደቂቃ ዘግይቶ ይጉመጥመጡት፤ ብዙ ሰው ይህን አይነገረውም። አንቲባዮቲክ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ክኒኑን ቢያንስ ሁለት ሰዓት ያራርቀው።

ሙቀቱን በሚመለከት ስጋትዎ ትክክል ነው። ከ25 ዲግሪ በታች፣ ደረቅ ቦታ መቀመጥ አለበት። አዲስ አበባ መሳቢያ ውስጥ ቢቀመጥ ችግር የለውም፤ ድሬዳዋ፣ አፋር ወይም ጅዳ ግን ፍሪጅ ውስጥ ይግባ። እርጥበት ገዳዩ ነውና ከፎይሉ አውጥቶ የክኒን ሣጥን ውስጥ መገልበጥ አይገባም። መንገድ ላይ መኪና ውስጥ ስንት ቀን ዋለ የሚለውን ይጠይቁ፤ በሕይወት መቆየቱን በዓይን መለየት አይቻልም። ሌላ ምርት የሚያመጣ ታካሚ ካለ ደግሞ መለያውን ያንብቡ። የባክቴሪያው ዘር፣ ዓይነትና የዝርያ ቁጥር ሦስቱም መጻፍ አለባቸው። «ላክቶባሲለስ» ብቻ ካለ፣ ወይም ብዛቱ «ሲመረት» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ ጥናቶቹ ስለዚያ ምርት ምንም አይነግሩንም።

እርጎን በተመለከተ፦ የቤት እርጎ የላቲክ አሲድ ባክቴሪያ በብዛት አለው፣ ምግብነቱም መልካም ነው። ነገር ግን የትኛው ዝርያ በስንት ብዛት እንዳለበት ከቅል ቅል፣ ከቀን ቀን ይለያያል፤ ኢምፕላንት ዙሪያ በዚህ መልክ የተሞከረ መድኃኒት አይደለም። አፍ ውስጥም አይቆይም፣ ተውጦ ይሄዳል። ካልፈላ ወተት የተረጋ ከሆነ ብሩሴሎሲስና የከብት ቲቢ ሊያስይዝ ስለሚችል በመድኃኒት ስም ብዙ እንዲጠጡ አይምከሩ። እንጀራውን ለሚጠይቅም፣ የእርሾው ሕያዋን ምጣድ ላይ ያልቃሉ።

አንድ ነገር በጣም አደራ የምለው አለ። ከመስጠትዎ በፊት ስለ ልባቸው ይጠይቁ። እኛ ጋ የሩማቲክ የልብ በሽታ ብዙ ነው፤ ሰው ሠራሽ ቫልቭ የገባለት፣ ኬሞቴራፒ ላይ ያለ፣ ሰውነቱ በሽታ የመከላከል አቅሙ የተዳከመ ወይም በትልቁ ደም ሥሩ ቱቦ የተተከለለት ሰው ሐኪሙ ሳይፈቅድ ሕያው ባክቴሪያ አይወስድም። ላክቶባሲለስ ደም ውስጥ መግባቱ እምብዛም የማይታይ ቢሆንም ለእነዚህ ሰዎች ከባድ ነው።

ጠያቂው፦ ሐኪም ከድሬዳዋ

በጣም አመሰግናለሁ። የልብ ችግር የለባቸውም፣ ክራውኑም አይነቃነቅም። በምላስ በኩል ከኋላ ያለው 5 ሚሜ ነጥብ ጋ ግን የሚሻክር ነገር ፕሮቡን ይይዘዋል፤ ሲሚንቶ መሆኑ አይቀርም። በምን ላውጣው? ብረቱ ስኬለር (የደነደነ ቆሻሻ መፋቂያው መሣሪያ) ኢምፕላንቱን እንዳይቧጥጠው ፈራሁ። ሁለተኛ፣ 7 ሚሜ ጥልቀት፣ መግልና 4 ሚሜ የወረደ አጥንት ያለበት ሌላ ታካሚ አለ። ለእሱስ ፕሮባዮቲኩን ማሰብ ይቻላል?

መልስ፦ የድድ ስፔሻሊስት

ፍርሃትዎ ልክ ነው። የተለመደው የብረት ስኬለር ከቲታኒየም ይጠነክራልና ይቧጭረዋል፤ ጭረቱ ደግሞ ለሚቀጥለው ባክቴሪያ ማረፊያ ይሆናል። የቲታኒየም ኪውሬት (ጫፉ የታጠፈ የእጅ መፋቂያ) ይጠቀሙ። ፕላስቲኩ ለስላሳውን ሽፋን እንጂ የደረቀ ሲሚንቶ አይነቅልም፣ ጫፉም ተቆርጦ ውስጥ ሊቀር ይችላል። አካባቢውን ያደንዝዙ፣ ኪውሬቱን ከሲሚንቶው ሥር አስገብተው ወደ ላይ በአጭር ምት ይሳቡት፣ የወጣውን ጋዝ ላይ አስቀምጠው ይዩት። የሲሚንቶ ቅርፊት ስስና ጠርዙ ሹል ነው፤ የደነደነ ቆሻሻ ግን ሲጫኑት ይፈረፈራል። አልወጣ ካለ በጭፍን አይታገሉ፤ ክራውኑን ማውጣት ወይም ድዱን በትንሹ ከፍቶ ማየት ይሻላል።

ከዚያ የዱቄት መርጫ ካለ በግሊሲን ወይም በኤሪትሪቶል ዱቄት ዙሪያውን ይጨርሱ። ኤሪትሪቶሉ 14 ማይክሮን አካባቢ፣ ግሊሲኑ 25 አካባቢ ስለሆኑ አይሻክሩም፤ የተለመደው ባይካርቦኔት ግን ኢምፕላንት ላይ አይረጭም። በአንድ ገጽ 5 ሰከንድ ያህል፣ አፈሙዙን እያንቀሳቀሱ። ወደ ሥጋው ቀጥ አድርጎ መንፋት አየር ከቆዳ ሥር ያስገባል፤ ጉንጩ በድንገት ካበጠና ሲነኩት ከተንቋቋ ያ ነው፣ ወዲያው ያቁሙ።

ሁለተኛው ታካሚ ሌላ በሽታ ነው። 7 ሚሜ፣ መግልና 4 ሚሜ አጥንት ካለ ፔሪ-ኢምፕላንታይቲስ ነው። እዚህ ላይ ፕሮባዮቲክ እንዳይሰጡ የምለው ክኒኑ መርዝ ስለሆነ አይደለም፤ ጊዜ ስለሚበላ ነው። በ2018 በጃፓን አዚትሮማይሲን በቀን 500 ሚግ ለ3 ቀን ከተሰጠ በኋላ ሪዩተሪ ለ6 ወር ቀጥሎ ጥልቀትና መድማት ተሻሽሎ ነበር፤ የባክቴሪያው ብዛት ግን አልተለየም። በ2020 በቤልጂየም በ19 ሰዎች ላይ ጠብታም ክኒንም ተሰጥቶ የጨመረው ነገር አልተገኘም። ክር በክር የሆነው የኢምፕላንቱ ገጽ አንዴ ከተገለጠ ኪውሬት እንኳ ክሮቹ መሃል አይደርስም፤ የሚመጠጥ ክኒን እንዴት ይደርሳል?

ለእሱ ያለ ቀዶ ጥገና የሚሠራውን ጽዳት አድርገው በ6 እና በ12 ሳምንት መካከል ይለኩት። በ2023ቱ የአውሮፓ መመሪያ ግቡ ጥልቀቱ 5 ሚሜ ወይም ከዚያ በታች፣ የሚደማው ነጥብ ከአንድ ያልበለጠ፣ መግል የሌለው መሆኑ ነው። እዚያ ካልደረሰ ቀዶ ጥገና ይከተላል። አንቲባዮቲክ በአፍ እንደ ልማድ አይታዘዝም፤ ለመግሉ ብቻ ተብሎ የሚሰጠው አሞክሲሲሊን መግሉን ለሳምንት አድርቆ ሁሉንም ያዘናጋል፣ አጥንቱ ግን መውረዱን አያቆምም።

ለመጀመሪያዋ ታካሚ ጽዳቱ ከተሠራ ከ2 እስከ 3 ወር ውስጥ እነዚያኑ ስድስት ነጥቦች በዚያው ፕሮብ፣ በዚያው ቀላል ግፊት ይለኩ፤ 0.2 ኒውተን ያህል፣ የጥፍር ሥር ሥጋ ላይ ሲያሳርፉት ሳያሳምም በቀላሉ የሚነጣው ማለት ነው። ኃይል ከተጨመረ ጤነኛውም ይደማል፤ ያኔ ክኒኑ አልሠራም ወይም ሠራ የሚለው ሁሉ ትርጉም ያጣል። ፋይሉ ላይ ክኒኑ የተጀመረበትንና የሚያበቃበትን ቀን አሁኑኑ ይጻፉ። ማብቂያ ቀን የሌለው ፕሮባዮቲክ ወጪ ሆኖ ይቀራል። ስኳሩንም ከውስጥ ደዌ ሐኪማቸው ጋር ይነጋገሩበት፤ 7.9 ወደ 7 አካባቢ ቢወርድ ለድዱ ከየትኛውም ክኒን ይበልጣል።

መልስ፦ የአፍ ንጽሕና ባለሙያ

እኔ የምጨምረው ስለ ብሩሹ ነው፤ የጽዳቱ ዕድሜ የሚወሰነው እዚያ ላይ ስለሆነ። «የጥርስ መሃል ብሩሽ ይግዙ» ብሎ መላክ አይበቃም። ወንበሩ ላይ መስታወት አስይዘው መጠኑን ይሞክሩላቸው። ትክክለኛው መጠን ሲገባ በትንሹ ይከብዳል፣ ፀጉሩ ክራውኑንም ጎረቤት ጥርሱንም ይነካል፣ ሽቦው ግን የትኛውንም አይፍቅም። እየተንሸራተተ በነፃ የሚገባ ከሆነ ትንሽ ነው፤ ምንም አያጸዳም። ሽቦው በፕላስቲክ የተሸፈነውን ይምረጡ። 36 ላይ ከ35 እና ከ37 ጋር ያለው ክፍተት እኩል ስለማይሆን ብዙ ጊዜ ሁለት መጠን ያስፈልጋል፤ ቀለማቸውን ወረቀት ላይ «የፊት፣ የኋላ» ብላችሁ ጻፉላቸው።

ከጉንጭ በኩል ብቻ ሳይሆን ከምላስ በኩልም ያስገቡት፤ የእርሳቸው 5 ሚሜ የኋላው ምላስ በኩል መሆኑን ልብ በሉ፣ እጅ የማይደርስበት ጥግ ነው። ለዚያ ጥግ ጫፉ አንድ ጭብጥ ፀጉር ብቻ ያለው ትንሿ ብሩሽ ትሻላለች፤ ድዱ ጠርዝ ላይ አስቀምጦ በቦታው ማሽከርከር። መፋቂያ የሚጠቀሙ ከሆነ አትከልክሏቸው፣ የጉንጭ በኩሉን ገጽ ደህና አድርጎ ያጸዳል፤ ከክራውኑ ሥርና ከጥርስ መሃል ግን እንደማይገባ በመስታወቱ አሳይዋቸው። የመጀመሪያው ሳምንት ብሩሹ ደም ይዞ ይወጣል፤ ይህን አስቀድማችሁ ካልነገራችኋቸው ፈርተው ያቆማሉ። በሁለተኛው ሳምንት ማብቂያ ያው ነጥብ አሁንም ከደማ ሳይጠብቁ ይደውሉ፤ ሲሚንቶው አላለቀ ይሆናል።